የሴንግን እናት ለመጠየቅ ናን ድረስ

ከተመለስኩ ወዲህ ቸርች ያገኘኝ ሁሉ «ታይላንድ እንዴት ነበረች ጋሼ?» ይለኛል። እኔም ስለ ተራራው፣ ስለ ጨው ጉድጓዱ፣ በእጅ ስለሚበላው ሩዝ አወራለሁ፤ ሰውም ይስቃል። የቀረውን ግን አላወራሁም። አሁን ቀን በቀን እንደሆነው እጽፈዋለሁ። እዚያ ለማይደርስ ሰው አገሩን በቃል ለማሳየት እሞክራለሁ፤ በወጣትነቴ ወሎ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩና ልማዱ አልለቀቀኝም። ራሴን ደግሞ አልምርም።

መጀመሪያ ሴንግን ላስተዋውቃችሁ። እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ክላራ ሰርኪት ቦርድ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ኢንስፔክሽን ላይ አብረን ነው የምንሠራው። እኔ ኦክላንድ፣ እሱ ሳን ሊያንድሮ ስለምንኖር በአንድ መኪና ካርፑል እናደርጋለን። ሚየን ከሚባሉት የተራራ ሰዎች ወገን ነው። አያቶቻቸው ከቻይና ወደ ላኦስ የወረዱ፣ እነሱን ደግሞ ጦርነቱ ከላኦስ ወደ ታይላንድ ያሻገራቸው ናቸው። ኦክላንድ ውስጥ ብዙ አሉ፤ ሰፈራችን ክፍት ቦታ ባገኙበት ሁሉ ጎመን ሲተክሉ የምናያቸው እናቶች እነሱ ናቸው። ሴንግ ድንበር ሲሻገር ገና ጎረምሳ ነበር፤ ናን በምትባል ጠቅላይ ግዛት፣ ካምፕ ውስጥ ዓመታት ተቀምጦ ወደ አሜሪካ መጣ። እናቱ ግን «አውሮፕላን የሚባል ነገር ላይ አልወጣም» ብለው እዚያው ናን ውስጥ፣ ተራራ ላይ ባል ካገባችው እህቱ ከናይ ጋር ቀሩ።

በብሬክ ሰዓት ሴንግ ናንን ናፕኪን ላይ ይስልልኛል። ወንዙ በዚህ፣ የላኦስ ድንበር በዚያ፣ የጨው ጉድጓዶቹ እዚህ ጋ። እኔ ደግሞ ካርታ ካየሁ አበቃልኝ። የተጠራቀመ ቬኬሽን ነበረኝ፤ ሌላው ሃዋይ ሲሄድበት እኔ ናን እሄዳለሁ ብዬ ተነሳሁ። ባለቤቴ አልማዝ «ምን ቆርጦህ ነው?» አለችኝ። ሴንግ ደግሞ በደስታ የሚሆነውን አጣ። እሱ ራሱ እንዳይሄድ የሲቲዝንሺፕ ኢንተርቪው ቀጠሮው ልክ በዚያው ሳምንት ዓርብ ነበር።

ቅዳሜ ኤርፖርት ያደረሰኝ እሱ ነው። እንግሊዝኛ ነው የምንነጋገረው፤ «ቲቸር» ይለኛል።

«ቲቸር፣ እናቴ ታማለች፤ የእህቴ ደብዳቤ ደግሞ ወር ይፈጃል። እናቴን በዓይንህ እይና ኮል አድርግልኝ። ከባሰባት ንገረኝ። ትራቭል ዶክመንቴ በእጄ ነው፣ በነጋታው እነሳለሁ።»

«አታስብ» አልኩት። «ያየሁትን እነግርሃለሁ።»

አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት።

እሑድ የሚባለው ቀን ሰማይ ላይ አለቀ። የቀን መስመር የሚባለውን ለስንት ተማሪ በብላክቦርድ አስተምሬ፣ ራሴ ስሻገረው ግን ቀኔን የሰረቁኝ ያህል ከፋኝ። ባንኮክን የማውቃት ከኤርፖርት አጠገብ ባለች አንዲት የሆቴል ክፍል ነው፤ ሙቀቷ ብቻ ትዝ ይለኛል።

ሰኞ ማለዳ የናንን አውቶቡስ ያዝኩ። ቀኑን ሙሉ ወደ ሰሜን ነው። መጀመሪያ የካሊፎርኒያን ሳን ዋኪን ሸለቆ የሚያስንቅ ሜዳ፣ የሩዝ ማሳ በሩዝ ማሳ። ከሰዓት በኋላ መንገዱ መጠማዘዝ ጀመረ፣ ተራሮቹ ከግራም ከቀኝም ቀረቡ። አንዱ ዳገት ላይ አውቶቡሱ ጨሰና ቆመ። እኔ በልማዴ ሹፌሩ ላይ የሚጮህ ሰው እጠብቃለሁ፤ ማንም ትንፍሽ አላለም። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ከዘንቢላቸው ሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ አውጥተው አንዱን ለእኔ ሰጡኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ መንገድ ዳር ተቀምጠን በላን። አሜሪካ ኢንተርስቴት አውራ ጎዳና ላይ መኪናዬ ቆማ ስንቱ ጥሎኝ እንዳለፈ አስታውሼ ተገረምኩ።

ማክሰኞ ናን ከተማ ዋልኩ። ከተማዋ ዙሪያዋን ተራራ የከበባት ትንሽ ሸለቆ ውስጥ ነው ያለችው። የናን ወንዝ ከሰሜን ይመጣና አልፏት ሄዶ ባንኮክ ለሚደርሰው ትልቅ ወንዝ ይገብራል። በድሮ ጊዜ የራሷ መሳፍንት ያሏት አገር ነበረች። አንዴ ለበርማ፣ አንዴ ለጎረቤት ነገሥታት እየገበረች፣ በጦርነት ሕዝቧ ተነቅሎ ባዶዋን የቀረችበት ዘመን ሁሉ አለ። በኋላ ባንኮክ ጠቀለለቻት። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሸማቂዎች ተራራዋን ይዘው ዓመታት ተዋጉ፤ ዛሬ መኪና የሚሄድበትን የተራራ መንገድ ያወጣው ያ ጦርነት ነው። የጦርነት መንገድ በኋላ ጎመን ይጫንበታል፤ ይሄን እኛም አገር አይቻለሁ።

ያረፍኩባት ጌስት ሃውስ ባለቤት አሮጊት ናቸው። ብርቱካን ልላጥልህ ሲሉኝ ትንሽ የልጅ ልጃቸው አጠገቤ መጥታ ቆመች። እኔ እንደ ደንቡ «እደጊ!» ብዬ ራሷን ዳበስኩ። የሴትዮዋ ፊት ክስም አለ። ለካ እዚያ አገር የሰው ራስ አይነካም፣ ነውር ነው። አንድ ደንበኛ በእንግሊዝኛ ነገረኝ፤ ላብ አሰመጠኝ። አሮጊቷ ግን ቆይተው ሳቁ፣ ብርቱካኑንም በፌስታል ሞልተው አሸከሙኝ። ከዚያች ነገር መማር ነበረብኝ። አልተማርኩም።

ረቡዕ ከኋላዋ ሁለት አግዳሚ ወንበር በተገጠመላት ፒካፕ ወደ ተራራው ወጣሁ። ብርዱ! በጥር ወር ታይላንድ ውስጥ ጃኬት እፈልጋለሁ ብዬ መቼ አሰብኩ? ጭጋጉ ሸለቆውን እስከ አፉ ሞልቶታል። ከተራራው ወዲያ የጨው ጉድጓዶቹ ጋ ደረስን። ባሕር በሌለበት ተራራ አናት ላይ ጨዋማ ውኃ ከጉድጓድ ይቀዳል፤ ሴቶች በሰፊ ብረት ድስት እያፈሉ ጨው ያወጣሉ፣ ጨዉን ድስቱ ላይ በተንጠለጠለ የቀርከሃ ቅርጫት ያንጠፈጥፉታል። ድሮ ይሄ ጨው በበቅሎ እስከ ቻይና ይሄድ ነበር አሉኝ። የእኛን አሞሌ ጨው አስቤ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሹፌሩ ጡሩምባ ባይነፋ ቀኑን ሙሉ አልንቀሳቀስም ነበር። አሁን ሳስበው፣ ለጨው ያን ያህል ልቤ የተነካ ሰውዬ ለሰው ምን ሆነ?

የናይ መንደር ከዚያ በላይ ነው። ጥቂት የእንጨት ቤቶች፣ አንድ ትምህርት ቤት። የምታስተረጉምልኝ የትምህርት ቤቱ መምህርት ሶምጂት ናት። ከታች ከከተማ የመጣች፣ እንግሊዝኛዋ ከእኔ የማይተናነስ፣ ኮስተር ያለች ሴት። እኔም አስተማሪ እንደነበርኩ ስትሰማ ፈገግ አለች። ናይ በር ላይ ጠበቀችን፤ ሴንግን ቁጭ! እጄን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ውስጥ ወሰደችኝ።

እናቲቱ ምድጃው አጠገብ ባለ ቆጥ ላይ ተኝተዋል። አጥንት ብቻ ሆነዋል። ሆዳቸው ተነፍቶ እግራቸው አብጧል። ሐኪም ቤት ተወስደው «ቤታቸው ይሁኑ» ተብለው ተመልሰዋል። ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ዓይን አለኝ፤ እያለቁ ነበር። የሴንግን ስም ስጠራ ዓይናቸውን ገለጡና ረጅም ነገር ተናገሩ። ናይ ለሶምጂት ነገረች፣ ሶምጂት ለእኔ፦

«‹ቶሎ ይምጣ› ነው የሚሉት። ‹ዓይኔ ሳይፈስ ልየው።› ናይም ‹ነገ ከታች ከተማ ስልክ አለ፣ እናታችንን መተው ስለማልችል አንተ ደውልልኝ› ትላለች።»

«እሺ፣ እሺ» አልኩ።

ያን ቀን እራት ላይ የሆነውን መቼም አልረሳም። ናይ ያላት አንድ ዶሮ ታረደ። የሚያጣብቅ ሩዝ በእጃችን እየጨበጥን በላን፤ እኔም በእጅ በመብላት ከእነሱ ሳልለይ ቀረሁ። አልጋቸውን ለቀው ለእኔ አነጠፉልኝ።

ሐሙስ ጧት በሦስት ሰዓት ወረዳው ፖስታ ቤት ስልክ ጋ ነበርኩ። ኦክላንድ ገና የረቡዕ ምሽት ነው። መንገዱን ሙሉ ስብሰለሰል ነበር። እኛ ሰዎች በውጭ ላለ ዘመድ እናትህ ታማለች ብለን በስልክ እንናገራለን? አንናገርም። ምን ያደርግበታል? ብቻውን በሰው አገር ይረበሽ? «ሁሉም ደህና ነው» ነው የሚባለው። እኔ ራሴ አባቴ ሲታመም «ትንሽ ጉንፋን ይዞታል» ተብዬ ነው የከረምኩት፤ የነገሩኝን ሰዎች እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። ከዚያ ደግሞ ኢንተርቪው። ዓርብ ነው፣ ሁለት ቀን ቀረው። ያን ያህል ዓመት የጠበቀውን ወረቀት በአንድ ስልክ ላበላሽበት? ዓርብ ይለፍ፣ ከዚያ እነግረዋለሁ አልኩ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ!

ሴንግ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ።

«ቲቸር! አየሃት?»

«አየኋቸው።»

«እንዴት ናት?»

«ደህና ናቸው። ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ነው። ሰላም ይሉሃል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አይዞህ፣ አንተ ኢንተርቪውህን አጥና።»

ረጅም ትንፋሽ ሲተነፍስ ሰማሁት። «ቴንክ ዩ፣ ቲቸር። ቴንክ ዩ።» ምላሴን ምነው በቆረጠው!

ስመለስ ሶምጂት ከክፍሏ ወጥታ ጠበቀችኝ። «ነገሩት?» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

እሷም ለናይ፣ ናይ ለእናቷ። እናቲቱ ትራሳቸውን ወደ በሩ አዙሩልኝ አሉ። ከቆጡ ላይ መንገዱ ይታያል።

ዓርብና ቅዳሜ የሰው ደግነት አላስቀምጥ አለኝ። ጎረቤት በየተራ ያስጠራኛል። አንዱ ቤት የባቄላ ወጥ፣ አንዱ ቤት የጫካ እንጉዳይ። የናይ ባል እርሻውን አሳየኝ፤ ቁልቁለቱ ወሎ ካየሁት ይብሳል፣ ሰው ተንሸራትቶ ጎረቤቱ ማሳ ላይ ያርፋል ብዬ ቀለድኩ፣ ሶምጂት ተረጎመችልኝ፣ ሳቁ። ከማሳው ማዶ ያለው የተራራ ሰንሰለት ድንበሩ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ላኦስ። «እማማ ሴንግን ይዘው የተሻገሩት በዚያች በኩል ነው» አለኝ ባልየው በጣቱ እያመለከተ። እንደ ኦክላንድ አጠገቡ ካስትሮ ቫሊ ኮረብታ ያለ መስሎኝ ነበር በወሬ ስሰማው። ጦጣም የሚወጣው አይመስልም። በዚያ ገደል ልጃቸውን ይዘው ያለፉ ሴት ናቸው በሩን እያዩ የተኙት። ያኔ እንኳ ልቤ አልደነገጠም፤ ኢንተርቪው ይለፍ እያልኩ ነው።

እሑድ ጧት፣ በካሊፎርኒያ ዓርብ አልፏል። የምደውልበት ቀን ነው። ፒካፗ ቆማ ትጠብቀኛለች። ልወርድ ስል ናይ እየሳቀች ጠራችኝ፤ እናቲቱ ቀና ብለው የሩዝ ሾርባ እየጠጡ ነው። አጨበጨብኩ እኮ! ተሻላቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ታዲያ አሁን ልጁን ማስደንገጥ ለምን? ሁለት ቀን ልይ አልኩና ሹፌሩን አሰናበትኩት።

ያን ከሰዓት ሶምጂት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ሐሙስ ከተነሳ ዛሬ መድረስ ነበረበት» አለች።

«ምናልባት ቲኬት አጥቶ ይሆናል።»

አየችኝ። አስተማሪ የሚዋሽ ተማሪ የሚያይበትን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ስንት ዓመት ያየሁበት ነው። ተነስታ ሄደች።

ሰኞ ንጋት ላይ እናቲቱ አረፉ። የናይን ጩኸት ሰምቼ ነው የተነሳሁት። ፊታቸው ወደ በሩ ነበር።

ናይ እንዳለቀሰች መንገዱን አሳየችኝ፦ ሂድ ደውልለት። ወረድኩ። ስልኩን ይዤ ቆምኩ፣ የሴንግን ቁጥር ግማሹን መታሁና ዘጋሁት። መርዶ በስልክ? ሰው ብቻውን ቤቱ ቆሞ? የእኛ ሰው እንዲህ አያደርግም። ጧት በማለዳ ሽማግሌ ይዞ፣ ሰው ሰብስቦ፣ ደግፎ ነው የሚነገረው። ስለዚህ አልማዝ ጋ ደወልኩ።

«ውይ፣ ውይ፣ ውይ» አለች። «በስልክ እንዳትነግረው!»

«አልነግረውም። ስመለስ ጋሽ ወርቁን ይዘን እንሄዳለን። አንቺም እስከዚያ አፍሽን ያዢ።»

«እኔ ምን እላለሁ? ከእናንተ አፍ ይስማ እንጂ ከእኔ አይሰማም።» ሁለታችንም ትክክል የሠራን መስሎን ስልኩን ዘጋን።

ሚየኖች ሬሳን ዝም ብለው አይቀብሩም። ቀኑን የሚቆጥር፣ የቻይና ፊደል መጽሐፍ የሚያነብ ሽማግሌ ይጠራል። የአማልክት ሥዕሎች ግድግዳው ላይ ይሰቀላሉ፣ ጡሩምባና ከበሮ ይመታል። በየደረጃው የሚሰግደው፣ እናቱን መንገድ የሚያስጀምረው ወንድ ልጅ ነው። የእኔ ሃይማኖት ሌላ ነው፤ ዳር ቆሜ አያለሁ። ግን ልጅ እናቱን ሲሸኝ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ትርጉም አያስፈልገኝም። ሽማግሌው ቆጥሮ «ረቡዕ፣ ከዚያ አያልፍም» አለ። ናይም «እስከ ረቡዕ ይደርሳል» አለች። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ መኪና በተሰማ ቁጥር ሰው ሁሉ ይነሳል።

ረቡዕ ጧት የመጨረሻዋ ፒካፕ መጣች። ጎመን ጭና የምትወርድ ናት፣ ከውስጧ የወረደ ሰው የለም። ሽማግሌው መጽሐፉን ዘርግቶ «በልጁ ቦታ ማን ይቆማል?» ሲል ሰው ሁሉ ወደ ናይ ዞረ። ናይ አሁንም ወደ መንገዱ ታያለች። ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

«ሶምጂት፣ አልነገርኩትም። ሐሙስ ደህና ናቸው ነው ያልኩት። ሰኞም አልደወልኩለትም። አይመጣም በያት።»

ሶምጂት ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ «ለምን?» አለች በቀስታ።

«በእኛ ዘንድ ሕመምና ሞት በስልክ አይነገርም። እንዳይደነግጥ ብዬ ነው።»

«እናንተ ዘንድ» አለች። «እነሱ ግን የእናንተ ሰዎች አይደሉም። ጠየቁዎት እኮ።»

ለናይ ተረጎመችላት። ትጮህብኛለች፣ ታባርረኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ቢሆንልኝ ደስ ባለኝ። ናይ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ከዚያ በአጭሩ አንድ ነገር አለች።

«‹ያልነገርከውን አንተው ራስህ ንገረው፤ ሰው እንዳይነግርልህ› ትላለች» አለችኝ ሶምጂት።

በሴንግ ቦታ የናይ ባል ቆመ። ሲያበቃ ምግብ ቀረበ፤ ናይ የእኔን ሳህን ከሁሉ በፊት አመጣችልኝ። እንግዳ ነኝና። እየበላሁ ማልቀሴን ማንም እንዳላየ ሆነ።

ሐሙስ ስወርድ መንደሩ ሁሉ ሸኘኝ። ሶምጂት ብቻ አልወጣችም፤ ክፍል ውስጥ እያስተማረች ነበር። ዓርብ አውቶቡስ፣ ቅዳሜ አውሮፕላን። የዚያን መንገድ ተራራ አላየሁትም፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የመጣሁት። ቀኔን የሰረቀኝ መስመር ሲመልስልኝ ቅዳሜ ራሱ ኦክላንድ ደረስኩ።

እሑድ ገና ሳይነጋጋ አልማዝ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ የቸርቻችን ሽማግሌ ጋሽ ወርቁ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ ሦስት ሆነን ሳን ሊያንድሮ የሴንግን በር አንኳኳን። ደረጃው ላይ ጋሽ ወርቁ «እኔ ልጀምር?» አሉኝ።

«የለም፣ እኔ ነኝ የምነግረው» አልኳቸው።

ሴንግ በካናቴራ ከፈተ። ሲያየኝ ፊቱ በራ። «ቲቸር! አለፍኩ! ሁሉንም ጥያቄ መለስኩ!» ካለ በኋላ አልማዝንና ጋሽ ወርቁን አየ። እንኳን ደስ ያለህ ሊሉት የመጡ መሰለው መሰለኝ፣ እጁን ዘረጋላቸው። አልማዝ አለቀሰች።

ነገርኩት። እንግሊዝኛው አጭር ነው፣ አራት ቃል አይሞላም።

«መቼ?» አለ።

«ሰኞ ንጋት።»

ጣቱን ማጠፍ ጀመረ። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። እሑድ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ስትደውልልኝ ትናገር ነበር?»

«ይናገሩ ነበር።»

«ምን አለች?»

«ቶሎ ይምጣ አሉ። በሩን እያዩ ነበር።»

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?»

«ኢንተርቪው ነበረብህ» አልኩት። «እንዳይበላሽብህ ብዬ ነው፣ ሴንግ።»

ግራ ገብቶት አየኝ፤ ቁጣ እንኳ የለበትም።

«ቲቸር» አለኝ፣ «ኢንተርቪው እኮ ሪስኬጁል ይደረጋል፤ ሌላ ቀን ይሰጡኝ ነበር።»